ማይላችሁን የት ነው የምታጠራቅሙት?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን፣ ማራኪ ግቢ ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ አጫውተን» ብለው ነበር የጋበዙኝ። ትናንት ማታ ግን ፒያሳ ከባቾቼ ጋር ተቀምጠን ስንጫወት ሐሳቤን ቀየርኩ። አንዱ ጓደኛችን ሒሳብ ሊከፍል ቦርሳውን ሲከፍት የአየር መንገድ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፉ። አምስት ናቸው። «ታዲያ በየትኛው ነው በነፃ የምትበረው?» አልነው። «አንዱም አይሞላም» አለን። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን የሳቅኩት ከአንጀቴ አልነበረም፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ሆኖ ሲጀመር፣ የመጀመሪያዎቹ ታላላቆቻችን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወጡት በእግርና በበቅሎ እንደነበር ሲያወሩ ሰምተናል። ዛሬ ከመካከላችን አንዱ ለካላዛር ጥናት ጄኔቫ ይመላለሳል፣ ሌላዋ ለስብሰባ ብራዛቪል፣ ሌላው ለሥልጠና ዋሽንግተን። መንገዱ ረዝሟል፤ ስንቅ አያያዛችን ግን ገና አልሠለጠነም። ማይል ማለት የዘመኑ መንገደኛ ስንቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው፦ ብዙ የሚበር ሰው የትኛውን የአየር መንገድ አባልነት ይምረጥ?

መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ፤ ብዙዎቻችን የምንደናገረው እዚህ ላይ ነውና። አየር መንገድ አንድ ነገር ነው። የአየር መንገዶች ኅብረት ሌላ ነው። የአባልነት ፕሮግራም ደግሞ ሦስተኛ ነው። ደንበኛን በማይል የመያዝ ዘዴ በሰፊው የተለመደው አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ፕሮግራሙን ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ ኅብረቶቹ መጡ፦ ስታር አሊያንስ በ1997፣ ዋንወርልድ በ1999፣ ስካይቲም በ2000። የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ስታር አሊያንስን ተቀላቀለ። የራሱ ፕሮግራም ሼባማይልስ ይባላል። ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽ፣ ኢጂፕትኤር፣ ዩናይትድና ሌሎችም እዚያው ኅብረት ውስጥ አሉ። ኬንያ ኤርዌይስ ስካይቲም ውስጥ ነው፤ ኳታር ዋንወርልድ ውስጥ። ኤሚሬትስ ከሦስቱም ኅብረቶች ውጭ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በኢትዮጵያ አየር መንገድ በርራችሁ ማይሉን የግድ ሼባማይልስ ውስጥ ማስገባት የለባችሁም፤ በዚያው ኅብረት ባለ የሌላ አየር መንገድ ፕሮግራም ልታስገቡት ትችላላችሁ። በሉፍታንዛ በርራችሁም ሼባማይልስ ላይ ማስቆጠር ይቻላል። የማይቻለው አንዱን በረራ ሁለት ቦታ ማስቆጠር ነው። በየፕሮግራሙ የተበተነውንም ማይል በኋላ ሰብስቦ አንድ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የማይል ድር ግን ከመጀመሪያው አብሮ ካልተፈተለ በኋላ አያብርም።

አሁን የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጄኔቫ ወደ አዲስ አበባ የምመለስበት ጉዞ ነበረኝ። አንድ ቦታ ብቻ የሚያርፍ በረራ ነበር። እኔ ግን በአንዱ ፕሮግራም አንድ ደረጃ ለመውጣት ጥቂት ማይል ጎድሎኝ ስለነበር፣ ሁለት ቦታ የሚያርፈውን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ መረጥኩ። ቲኬቱ የማይለወጥ ዓይነት ነበር፤ ርካሽ ስለሆነም መሥሪያ ቤቴ አልተቃወመም። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ወንድሜ ከደባርቅ ደወለ። «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቶሎ ብትመጣ» አለኝ። በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ድምፁን ሰምቼ ገባኝ።

የኔ በረራ የሚነሳው በማግስቱ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ ሌላ አውሮፕላን ነበር፤ በሰዓቱ የተጠየቀው ዋጋ ግን እጄ ላይ ከነበረው ገንዘብ በላይ ነው። ስልኬን ከፍቼ ማይሌን ቆጠርኩ። በአንዱ ፕሮግራም 24 ሺህ፣ በሌላው 11 ሺህ፣ በሦስተኛው 9 ሺህ፣ በአራተኛው 6 ሺህ። ቢደመር ሃምሳ ሺህ ነው። ግን አይደመርም። ሌሊቱን ወንበር ላይ አደርኩ። አዲስ አበባ ስደርስ የጎንደሩ በረራ አምልጦኝ ሌላ ሌሊት ጨመርኩ። ደባርቅ ስገባ ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ፈርሷል።

ያሳደድኩት ካርድ ከወር በኋላ በፖስታ መጣ። የብር ደረጃ ነው። አብሮት የመጣውን ወረቀት ሳነብ ዋናው ጥቅሙ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ቅድሚያ ማግኘት ነው ይላል። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በማንም አልፈርድም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ካርዱን መርጬ ጉዞዬን ለካርዱ አስገዛሁት። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው፤ አስቀድሞ ጉዞውን መምረጥ፣ ከዚያ ጉዞውን የሚያገለግል ካርድ መፈለግ።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አምስት ጥያቄ ጻፍኩ። እነሆ።

አንደኛ፦ በደጄ የሚነሳው አውሮፕላን የማን ነው? ጎንደር የምንኖር ሰዎች መንገዳችን የሚጀምረው አዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በአየር እስከ ቦሌ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ግን ከ700 በላይ። ከዚያም ከቦሌ ወደ ዓለም። ስለዚህ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ስታር አሊያንስ ውስጥ ያለ ፕሮግራም መምረጥ የሚያከራክር አይመስለኝም። ዶሃ የምትኖረው እህታችን ግን እኔን አትስማኝ፤ የእሷ ደጅ ኳታር ነው። ናይሮቢ ያለው ወንድማችንም የኬንያውን ያስላ። ጓደኛ ስለያዘው ብሎ ካርድ የሚይዝ ሰው ሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ማይሉ የሚሰላው በርቀት ነው ወይስ በገንዘብ? እ.ኤ.አ. በ2015 ዴልታና ዩናይትድ በራሳቸው ቲኬት ላይ የሚሰጡትን የሽልማት ማይል በከፈላችሁት ዋጋ ማስላት ጀመሩ። ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ርቀቱን ወስደው በቲኬቱ ደረጃ ያባዙታል። እስቲ እናስላ። ከጎንደር በአዲስ አበባ በኩል ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ 7,160 ማይል ገደማ ነው። ከጎንደር ዋሽንግተን ደርሶ መልስ ወደ 14,900 ይጠጋል። ቲኬታችሁ ግማሽ ብቻ የሚቆጠርለት ርካሽ ኢኮኖሚ ከሆነ የፍራንክፈርቱ ወደ 3,580 ይወርዳል። አንዳንድ ርካሽ ቲኬት ጭራሽ ላይቆጠርም ይችላል። ይህን የምታውቁት ቲኬቱ ላይ ባለችው አንዲት የላቲን ፊደል ነው፤ የጉዞ ወኪሉን «ይህቺ ፊደል በኔ ፕሮግራም ስንት በመቶ ታስቆጥራለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ባጠቃላይ ግን ሩቅ አገር በርካሽ ቲኬት ለሚሄድ እንደኛ ላለ ሰው በርቀት የሚያሰላው ያዋጣል። በውድ ቲኬት ቅርብ ለቅርብ ለሚመላለስ ነጋዴ ደግሞ በገንዘብ የሚያሰላው።

ሦስተኛ፦ የምፈልገው ደረጃ ነው ወይስ የነፃ ቲኬት? ሁለቱ በተለያየ ቋት ነው የሚቆጠሩት። የደረጃ ማይል ጊዜው ሲያልቅ ከዜሮ ይጀምራል፤ የሽልማት ማይል ይጠራቀማል። ሼባማይልስ ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ወርቅና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በመላው ስታር አሊያንስ ይታወቅለታል፦ ላውንጅ ይገባል፣ ሰልፍ ይቀድማል፣ ከተፈቀደው በላይ 20 ኪሎ ወይም አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። ለኛ ሰው ትልቁ ነገር ይኼ 20 ኪሎ ነው! ሲሄድ በርበሬና ሽሮ፣ ሲመለስ መጽሐፍና የላቦራቶሪ ዕቃ። ላውንጁማ ለሦስት ሰዓት ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ሁልጊዜ ቢዝነስ ክላስ የሚገዛላችሁ ከሆነ ግን ላውንጁም ሻንጣውም ቲኬቱ ውስጥ አለ፤ ለደረጃ አትድከሙ። በዓመት አንዴ ሁለቴ የምትበሩም እንዲሁ፤ የነፃውን ቲኬት ብቻ አስቡ።

አራተኛ፦ ማይሉ መቼ ይሞታል? አንዱ ጋ ከተመዘገበ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ይቃጠላል፤ ሌላው ጋ ለተወሰነ ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ይጠፋል፤ እንደ ዩናይትድ ያለው ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማይሉ ጊዜ እንዳያልፍበት አድርጓል። በአምስት ዓመት አንዴ የሚጠቀም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ። ከዚህ ጋር ሌላም ነገር አለ፤ «ነፃ» የሚባለው ቲኬት ነፃ አይደለም። ግብርና ተጨማሪ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ከፕሮግራም ፕሮግራምም በጣም ይለያያል። ስለዚህ ካርድ ከመያዛችሁ በፊት በእውነት የምትፈልጉትን አንድ ጉዞ ውሰዱ። ለምሳሌ እናታችሁን ከጎንደር ዋሽንግተን ማድረስ ይሁን። በየፕሮግራሙ ስንት ማይልና ስንት ገንዘብ እንደሚጠይቅ ጎን ለጎን ጻፉት። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ወረቀት ላይ ነው።

አምስተኛ፦ ስሜ እንዴት ተጽፏል? ይህ የኛ የኢትዮጵያውያን ጣጣ ነው። እኛ የራስ፣ የአባት፣ የአያት እንላለን፤ ፈረንጁ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ሆኖ ይገባል፣ ካርዱ ላይ የአባት። «ፀሐይ»ን በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ዘመድ አያውቅም፤ አንድ ፊደል ከተለየ ማይሉን አያስገባም። ስትመዘገቡ ፓስፖርታችሁን ፊታችሁ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ማይሉ እስኪገባም የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጭ አትጣሉ፤ ካልገባ የምትጠይቁት በእሱ ነው፣ መጠየቂያውም ቀነ ገደብ አለው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ የምትኮርኩር ነገር ልናገር። የአብዛኞቻችን ቲኬት የሚከፈለው በመንግሥት፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በእርዳታ ገንዘብ ነው። ማይሉ ግን በስማችን ይገባል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያደረው ጀርባ የኛ ነው። አንዳንድ ተቋም መመሪያ አለው፤ ካለው ማክበር ነው። ነውሩ የሚጀምረው ማይል ፍለጋ ውዱን ቲኬት ስናስገዛ፣ ወይም አንድ ቀን የሚፈጀውን ጉዞ ሁለት ቀን ስናደርገው ነው። እኔ ያደረግኩት ሁለተኛውን ነው፤ የባከነው ቀን የመሥሪያ ቤቴም ነበር። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ካርድ ባይኖረኝ የማልገዛውን ቲኬት፣ ካርድ ስላለኝ አልገዛም።

ዛሬ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ያለኝ። የትኛው እንደሆነ ብነግራችሁ ነገ ሁላችሁም እሱን ትይዛላችሁ፤ ስለዚህ አልነግራችሁም። የአባቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት ሲደርስ በተጠራቀመው ማይል ታናሽ እህቴን ከአሜሪካ አመጣኋት። ቲኬቱ በሌላ ሰው ስም ሊቆረጥ እንደሚችል አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። ከአዘዞ ተቀብዬ በመኪና ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንገባ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «ይህን ሁሉ አገር ማን ከፍሎልሽ መጣሽ?» አለቻት። እህቴ ወደኔ አየች። እኔም «የቀድሞ ድካም ነው የከፈለው» አልኳት። ለእናቴ ማይል ምን እንደሆነ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ግን የገባት ይመስለኛል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ ወደየማረፊያችሁ ስትገቡ ስልካችሁን ክፈቱና ያላችሁን ማይል ቆጥሩ። ከአንድ ቦታ በላይ ተበትኖ ካገኛችሁት፣ የሚቀጥለውን በረራ ወዴት እንደምታስቆጥሩ ዛሬውኑ ወስኑ። ስትወስኑም ላውንጁን አትዩ። አንድ ቀን ስልክ ቢደወል ማን ዘንድ በቶሎ መድረስ እንደምትፈልጉ አስቡ፤ ፕሮግራሙን ከዚያ ተነስታችሁ ምረጡ።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።