ፈጣን ሌዘርና የፌዝ እርጋታ ልኬት



እ.ኤ.አ. በ1991 ዴቪድ ሁዋንግ፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ባልደረቦቻቸው ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊን ካስተዋወቁ ወዲህ፣ ሐኪም ምላጭ ሳያስነካ የዓይንን ንብርብር በብርሃን ለመመርመር ችሏል። ከዘዴው ዓይነቶች አንዱ የሚሠራው፣ የሞገድ ርዝመቱን ከዳር እስከ ዳር በሴኮንድ 100,000 ጊዜና ከዚያም በላይ በሚለዋውጥ ሌዘር ነው። አንዱ ለውጥ ዙር ይባል።

የአካሉ ቅርጽ የሚገኘው ከሚመለሰው ብርሃን ብርታት ነው፤ የደም ፍሰት ግን የሚነበበው በተከታታይ ዙሮች መካከል ካለው የፌዝ፣ ማለትም የሞገዱ ደረጃ፣ ልዩነት ነው። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ደም ሲንቀሳቀስ ፌዙ ይለወጣል፤ ሌዘሩ ራሱ ሲዋልልም ይለወጣል። በ1300 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመትና በሴኮንድ 100,000 ዙር፣ የ0.1 ራዲያን ስሕተት በሴኮንድ ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ፍሰት መስሎ ይታያል። ይህም እጅግ በቀጠኑት የደም ሥሮች ውስጥ ካለው እውነተኛ ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ የተዘጋውን ሥር ክፍት ሊያስመስል ይችላል።

በመሆኑም ሌዘሩ አስቀድሞ በማይንቀሳቀስ ነገር ይፈተናል። ለዚህ የሚስማማው ግልጽ የመስተዋት ሰሌዳ ነው። ከሁለቱ ገጾቹ የሚመለሰው ብርሃን በአንድ መንገድ ስለሚጓዝ፣ የጠረጴዛው ንዝረት በአመዛኙ ይጣፋል። ከዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ዙሮች ተመዝግበው፣ የፌዝ ልዩነቶቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን ይሰላል። ምልክቱ ከሁከቱ በኃይል 10,000 ጊዜ ሲበልጥ፣ ከሁከቱ ብቻ የሚመነጨው ልዩነት 0.01 ራዲያን ያህል፣ ማለትም የአንድ ናኖሜትር እንቅስቃሴ ያህል ነው። ከዚህ የተረፈው የሌዘሩና የመዝጋቢው ጉድለት ነው።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ግን ፍተሻው በአንድ ጥልቀት ብቻ እንዳይወሰን ነው። መዝጋቢው በአንድ ናሙና ቢዘገይ፣ የሚፈጠረው የፌዝ ስሕተት በጥልቀቱ መጠን ያድጋል፤ ከላይ ኢምንት የነበረው፣ ሊነበብ በሚችለው ጥልቀት ጠርዝ ላይ ግማሽ ዑደት ይሆናል። የመስተዋቱ ውፍረት በመሣሪያው ዘንድ እንደ ጥልቀት ስለሚነበብ፣ በስሱ መስተዋት ያለፈ ሌዘር በወፍራሙ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ውፍረታቸው የተለያየ ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ። መፍትሔውም ከምርመራው ጋር አንድ ቋሚ ነጸብራቅ አብሮ መዝግቦ፣ ስሕተቱን እንደየጥልቀቱ አስልቶ መቀነስ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ የወጣ የፍሰት ምስል፣ የታማሚውን ደም ይግለጽ ወይም የሌዘሩን መዋለል፣ ሐኪሙ የሚለይበት መንገድ የለውም። መለየቱ የመሐንዲሱ ግዴታ ነው።