የቄሣር ገንዘብ ከቄሣር አገር ውጭ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ዲናር አስመጥቶ፣ በላዩ ያለው መልክ የማን እንደ ሆነ መልሶ እንደ ጠየቀ ከልጅነታችን ጀምረን ተምረናል። መልኩ የቄሣር ነበረ። እኔ ደግሞ ዛሬ ሌላ ጥያቄ ልጨምር እወዳለሁ፤ ይኸውም የቄሣር ገንዘብ ቄሣር ወደማይገዛው አገር ለምን መጣ? የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሮም ግዛት በእኛ በኩል ከግብፅ ብዙም አላለፈም። ገንዘቡ ግን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ድረስ ሄዷል። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ጥቂት የሮም ገንዘብ ይቈጥራል፤ የሚገባውም በዚያ ለተቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች ነበረ። የአገሬው ሰው ግን ናስ እየቈረጠ በገንዘብ ፈንታ ይገለገልበት እንደ ነበረ ይኸው ጸሐፊ ይነግረናል።

በ1963 ፈረንሳዊው የቅርስ ተመራማሪ ፍራንሲስ አንፍሬ፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሰንዓፌ አጠገብ ባለችው በመጠራ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ የተከማቸ የወርቅ ጌጥ አገኘ። ከጌጡም መካከል በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት የተመቱ 14 የሮም የወርቅ ገንዘቦች ነበሩ፤ ማንጠልጠያም ተበጅቶላቸዋል። እንግዲህ ገንዘቡ የንጉሥ መልክ ቢኖረውም፣ እዚህ የአንገት ጌጥ ነበረ እንጂ የንጉሡ ሥልጣን ምልክት አልነበረም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቴ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው ሦስት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብሮች ነበሯቸው። ሁለቱ ለእናቴ ሠርግ በአንጥረኛ እጅ ቀልጠው መስቀል ሆኑ፤ አንዱ ቀረ። ስለ ቀረው ብጠይቃቸው፣ አባታቸው በሬ ሸጠው ያገኙት መሆኑን ነገሩኝ። ስለ ቀለጡት ግን የሚያስታውሱት ነገር የለም። መስቀሉ ያማረ ነው፤ ታሪኩ ግን ከብሩ ጋር ቀልጧል።

አክሱምም የሰውን ገንዘብ ብቻ ስትቀበል አልቀረችም። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ ወርቅ አስመታ፤ በ4ኛው መቶ ዓመትም ንጉሥ ዒዛና በገንዘቡ ላይ መስቀል አደረገ። በየመን አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ ከ300 የሚበልጡ የሮም የወርቅ ገንዘቦች፣ ከ800 ከሚበልጡ የአክሱም የወርቅ ገንዘቦች ጋር በአንድነት ተገኝተዋል። በደብረ ዳሞም በ1940 ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል፤ የመጡትም ከህንድ በኩል ነው።

አስተውሉ! ከእነዚህ አንዱን ብቻ በገበያ ብናገኘው፣ መልኩን አይተን የየትኛው ንጉሥ እንደ ሆነ እናውቅ ይሆናል። ከማን ጋር እንደ ነበረ፣ ጌጥ ይሁን መገበያያ፣ ስንት ሆኖ እንደ ተቀበረ ግን ሊነግረን አይችልም። ይህን የሚነግረን የተገኘበት ቦታ ነው። በአክሱም አካባቢ ገበሬና እረኛ ከእርሻ መሬት አሮጌ ገንዘብ ያነሣል፤ ለመንገደኛም የሚሸጥ አለ። ገዢው ገንዘቡን ይዞ ሲሄድ፣ ምስክሩ ከአገር ወጣ ማለት ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ የሮም ወርቅ ይገኛል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በሰፈራችን በየቀኑ የቤት መሠረት ይቈፈራል፤ አሮጌ ብረትም በቆራሌው ጆንያ ተጭኖ ወደ እሳት ይሄዳል። በአገራችን አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ እጃችን አሮጌ ነገር ሲያነሣ «ስንት ያወጣል?» ከማለታችን በፊት «የት ነበረ? ከምን ጋር ነበረ?» እንበል፤ መልሱንም በደብተራችን እንጻፍ። አያቶቻችንንም በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ። እኔ ስለ ሁለቱ ብሮች የጠየቅሁት ከቀለጡ በኋላ ነው።