አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር አልነሳ ሲል
(በማዮ ለተማሪ ወላጆችና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



የምንነጋገረው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠው ኮምፒዩተር ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በካርቱም ከፈነዳ በኋላ ብዙ ቤትና ሱቅ እንደተዘረፈ፣ የመብራቱም መስመር ክፉኛ እንደተጎዳ ታውቃላችሁ። ከቀድሞው ኮምፒዩተራችን የተረፈው ሃርድ ዲስኩ ብቻ ነው። በእርሱ ውስጥ ግን የልጆቻችሁ ስም፣ ክፍልና ውጤት አለ። ወደ ሌላ አገር ለሚሻገር ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የሚመሰክርለት ሌላ ወረቀት በእጃችን የለም። ስለዚህ ከዚህም ከዚያም በተገኘ ዕቃ አዲስ ኮምፒዩተር ገጣጠምን። ማብሪያው ሲነካ ፋኑ ዞረ፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ሞቷል» ያሉን ነበሩ። ፋኑ የሚዞር ኮምፒዩተር ሞቷል ለማለት ግን አይቸኮልም። ማንኛውም ኮምፒዩተር ሲበራ ዲስኩን ከማንበቡ በፊት ራሱን ይፈትሻል፤ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የሥዕል ካርዱን በየተራ ያያል። አይ ቢ ኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኮምፒዩተርም ይኸው ነበር። ፈተናው ካላለፈ ሞኒተሩ ላይ ምንም አይታይም። እንግዲህ ጥቁር ሞኒተር ብዙ ጊዜ የዲስክ በሽታ አይደለም ማለት ነው። እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ዲስኩን ነቅለን በጨርቅ ጠቅልለን ማስቀመጥ ነው። ሌላው ዕቃ ቢቃጠል በገንዘብ ይተካል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን አየን። በብዙ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለ። የሱዳንም ሆነ የአገራችን መብራት ለ230 የሚስማማ ነው። ማዞሪያው በ115 ላይ እያለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ደግሞ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ኮምፒዩተሩን አትሰኩ። ፓወር ሰፕላዩን በካቻቢቴ መክፈት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል። ልጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምንለው።

ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ትልቁ መሰኪያ ብቻውን አይበቃም። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ ሌላ መሰኪያ አለ። እርሱ ከተዘነጋ ፋኑ ይዞራል፣ ሥዕል ግን የለም። የእኛ ተሰክቷል። የሞኒተሩም ኬብል በሥዕል ካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ አለመሰካቱን አረጋገጥን።

የቀረው ራሙ ነበር። በዚህ ደረቅ አየር ሰውነታችን የሚይዘው ኤሌክትሪክ ራም ስለሚያበላሽ፣ ከመንካታችን በፊት የሳጥኑን ብረት መንካት ልማድ ይሁን። የራሙን ቢጫ ጥርስ በላጲስ ቀስ ብለን ጠረግን፣ ሃቡብ ያስገባውን አቧራ ከቀዳዳው በለስላሳ ብሩሽ አወጣን። ሁለቱንም ራም አውጥተን ስናበራ ኮምፒዩተሩ ጮኸ! ጩኸቱ ደስ የሚል ነው፤ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ በሕይወት እንዳሉ ይናገራልና። ከዚያ አንድ አንዱን ብቻ እየሰካን ሞከርን። በአንደኛው ሞኒተሩ በራ፣ በሌላኛው ጨለመ። ከገበያ የተገዛው ሁለተኛው ራም የተበላሸ ነበር። የሸጠልን ሰው አልለውጥም ብሏል፤ እንግዲህ በግማሽ ራም እንሠራለን።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ ዕድሜው የተለያየ ዕቃ ተቀላቅሎ መገኘቱ አያስገርምም። ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በነበረው የአሜሪካ ማዕቀብ የአሜሪካ ኩባንያዎች ያለ ልዩ ፈቃድ ለሱዳን መሸጥ አይችሉም ነበር፤ ሰውም የሚሠራው ባገኘው ነው።

ዲስኩን የሰካነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ኮምፒዩተሩ «የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም» ብሎ ቆመ። አንድ ባለሙያ መጥቶ «ፎርማት አድርጉት፣ በግማሽ ሰዓት ይሠራል» አለን። እውነቱን ነው፣ ይሠራል፤ የልጆቹ ውጤት ግን አብሮ ይጠፋል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ እሺ አላልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ዲስኮች የተከፋፈሉት ኤም ቢ አር በሚባል አሮጌ ሥርዓት ሲሆን፣ አዲስ ማዘርቦርድ ደግሞ ዩ ኢ ኤፍ አይ በሚባል አዲስ ሥርዓት ይነሳል። ዲስኩ ደህና ሆኖ ሳለ ሁለቱ አይግባቡም። በብዙ ማዘርቦርድ ባዮስ ውስጥ ሲ ኤስ ኤም የሚባል አሮጌውን ሥርዓት የሚፈቅድ ምርጫ አለ። እርሱን ከመንካታችን በፊት ግን ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ሰክተን ኮምፒዩተሩን በፍላሹ አስነሳነው። ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፣ እኛ ካላዘዝነው በቀር በዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም። የተማሪዎቹን መዝገብ በሙሉ በሁለት ፍላሽ ገለበጥን። አንዱ ከእኛ ዘንድ ነው፣ ሁለተኛውን የወላጆች ኮሚቴ ይረከባል። ሲ ኤስ ኤምን የከፈትነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዊንዶውስም ተነሳ።

አንድ ችግር ቀርቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሲ ኤስ ኤምም ይዘጋል፣ እንደገና «ዲስክ አላገኘሁም» ይላል። ይህ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ማለቅ ነው። ቁጥሯ 2032 ነው፣ በአንዳንድ የመኪና ቁልፍና የሚዛን መሣሪያ ውስጥም ትገኛለች። ያላችሁ ብታመጡልን ቅዳሜ እንቀይራታለን። የልጁን የውጤት ወረቀት የሚፈልግ ወላጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙንና የልጁን ክፍል ያስመዝግብ።