ጉድጓዱ በምን ይሞላ? ከመሞላቱ በፊት እንጠይቅ
(ለወላጆችና ለሽማግሌዎች በአሽዶድ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችሁ በጎንደር አካባቢ ሸክላ ስትሠሩ የነበራችሁ እናቶች አላችሁ። አፈሩ ተቆፍሮ ሲወጣ ጉድጓዱ እንደሚቀር ታውቃላችሁ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል፤ ከብት ይገባበታል፤ ልጅ ይወድቅበታል። ስለዚህ ጉድጓድ መድፈን ደግ ነገር ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ጉድጓዱ ስለሚደፈንበት ነገር ነው።

በእስራኤልም ለቤትና ለመንገድ ሥራ ድንጋይ፣ አሸዋና ኩርካር የወጣባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። እነዚህን ቦታዎች መልሶ ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ1978 ልዩ የገንዘብ ድርጅት ተቋቁሟል። ችግሩ ለመሙያ የሚሆን ንጹሕ አፈር ውድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፕሶሌት ብንያን የሚባለው የፈረሰ ሕንፃ ፍርስራሽ ተፈጭቶ፣ የድንጋይ ከሰል አመድ፣ ወይም ከቆሻሻ የተዘጋጀ ኮምፖስት እንዲገባበት ሐሳብ ይቀርባል። ክርክሩም እዚህ ላይ ይነሣል። ሐሳቡን ያቀረበው ወገን «መሬቱ ይድናል፣ የሚጣለውም ቆሻሻ ይቀንሳል» ይላል። ነዋሪው ደግሞ «ይህ በሌላ ስም የመጣ ቆሻሻ መጣያ ነው» ይላል።

ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። በቴል አቪቭ አጠገብ ያለውን ሂሪያን ተመልከቱ። ከ60 ሜትር በላይ የሆነ የቆሻሻ ተራራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ተዘግቶ፣ ጋዙ በቧንቧ እየተሳበ፣ ላዩ በደንብ ተሸፍኖ ዛሬ የአሪኤል ሻሮን መናፈሻ አካል ሆኗል። በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር ዎሊስ የሚባል የሸክላ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ቆሻሻ ሲሞላበት ከቆየ በኋላ በአካባቢው ያሉ ሰዎች እንደ ተበላሸ እንቁላል በሚሸት ጋዝ ለዓመታት ተማረሩ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ቦታው እንዲዘጋ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ነው። እንዲህ ያለው ጋዝ የቤት ግድግዳ ጂብስ ከሚበሰብስ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ አየር በሌለበት ሲቀበር ይፈጠራል። ዓይን ያቃጥላል፤ ራስ ያሳምማል፤ ያቅለሸልሻል።

በአገር ቤት የምድጃ አመድ ጓሮ ላይ ብንበትን ጎመኑ ያምር ነበር። አመድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የድንጋይ ከሰል አመድ እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዛማ ነገሮች ሊኖሩበት ይችላሉ። የአሽዶድ ምድር ደግሞ አሸዋ ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ከሥሩም የባሕር ዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃ አለ። ከላይ የተጣለው ነገር በዝናብ ታጥቦ ወደዚያ ሊወርድ ይችላል። የቆየ ቤት ሲፈርስም በፍርስራሹ ውስጥ የአስቤስቶስ ጣሪያ ሊኖር ይችላል። የአስቤስቶስ ብናኝ በሽታ የሚያመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ ዛሬ ምንም አይታወቀንም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአስቤስቶስ ሕግ የተደነገገውም ስለዚህ ነው። አስም ላለበት ልጅ ደግሞ የጭነት መኪናው ጢስና አቧራው ራሱ ሕመሙን ያብሰዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕላን በሰፈራችሁ አጠገብ ሲወጣ አራት ጥያቄ ጠይቁ።

1. የሚገባው ነገር ምንድን ነው? ከየት ይመጣል? እያንዳንዱን ጭነት ማን ይመረምራል?
2. ከጉድጓዱ በታች ያለው ውሃ በምን ይጠበቃል? ሥራው ካለቀ በኋላስ ውሃውን ማን ይመረምራል?
3. ስንት መኪና፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት ያልፋል? በትምህርት ቤት በር ነው ወይ?
4. የሚገባው መጠን ጉድጓዱን ለማስተካከል ከሚያስፈልገው ይበልጣል ወይ? ከበለጠ ሥራው መሬት ማዳን ሳይሆን ቆሻሻ መጣል ነው።

ጥያቄው ግን በጊዜው መቅረብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የፕላንና የሕንፃ ሕግ መሠረት ፕላኑ ይጎዳኛል የሚል ሰው ሂትናግዱት ማለትም ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ጊዜው በአብዛኛው ፕላኑ በጋዜጣ ከታወጀ በኋላ 60 ቀን ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ከማስታወቂያው ላይ አንብቡ። ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ እውነት መሆኑ በመሐላ ቃል ተረጋግጦ ይቀርባል። በጉባኤ ላይ መጮህ ብቻ አይበቃም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት መኪናው መመላለስ፣ ልጁም ማሳል ከጀመረ በኋላ ነው። ማስታወቂያው በዕብራይስጥ አጥር ላይ ተለጥፎ ሳለ እናልፈዋለን፤ ቀኑም ያልፋል። ስለዚህ በአጥር ላይ ሰሌዳ ስታዩ ልጆቻችሁ እንዲያነቡላችሁ አድርጉ፤ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ለጎረቤት ንገሩ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ብዙ ቤተሰብ አንድ ላይ ሆኖ አንድ ጠበቃ ማነጋገር ይችላል። ልጁ የሚያስለው ደግሞ የሰሌዳውን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪሙ ይወሰድ፤ የሐኪሙንም ወረቀት አስቀምጡ፣ ለተቃውሞው ማስረጃ ይሆናል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር። ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው፤ ከመሞላቱ በፊት መጠየቅ ግን የሁላችንም አቅም ነው።