ካሜራ ይዞ ወደ ባሕር ኤሊ ስለ መቅረብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የባሕር ኤሊ ነገር ከደጋ ሰው የራቀ ቢመስልም፥ ቀይ ባሕር ጎረቤታችን ነውና ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 የታመቀ አየር ለጠላቂው በትንፋሹ ልክ የሚያቀብል መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ለብዙ ሰው ተቻለ።

በግብፅ አገር በማርሳ ዓለም አጠገብ አቡ ዳባብ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። በወለሉ ላይ የባሕር ሣር ስለሚበቅል፥ አረንጓዴው የባሕር ኤሊ እንደ በሬ ሊግጥበት ይመጣል። ጠላቂውም ኤሊውን ፍለጋ ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኛ አየራችንን በሲሊንደር አድርገን በጀርባችን እናዝላለን። ኤሊው ግን እንደ እኛው በሳንባ የሚተነፍስ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ያለችው ከላይ ስቧት የወረደው አንዲት ትንፋሽ ብቻ ናት። ሲያርፍ ለረጅም ጊዜ ትበቃዋለች፤ ሲባረር ግን ቶሎ ታልቅበታለች። ሊተነፍስ ሲወጣ አምስት ባለ ካሜራዎች ከራሱ በላይ ቢከቡት ምን ያድርግ?

«ፎቶግራፍ አነሣን እንጂ ጦር አልወረወርንም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሸሸው ኤሊ ግጦሹን አጥቷል። ለካሜራውም የተረፈው ጀርባው ብቻ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ፊቱ ነበር።

ይኸውም በግራና በቀኝ ጉንጩ ላይ ያሉት ቅርፊቶች አቀማመጥ፥ እንደ ሰው የጣት አሻራ፥ ከኤሊ ኤሊ ይለያል። ተመራማሪዎች የሁለቱን ጉንጮች ፎቶግራፍ እያስተያዩ፥ ያው ኤሊ ከዓመታት በኋላ መመለሱን እንስሳውን ሳይነኩ ያውቃሉ። ዓይነቱም ከፊቱ ይታወቃል። በዓይኖቹ መካከል አንድ ጥንድ ቅርፊት ያለው አረንጓዴው ኤሊ ነው። ሁለት ጥንድ ያለው ደግሞ እንደ ጭልፊት አፈ ቆልማማው ነው፤ እርሱም የጀርባው ልባስ ለጌጥ ስለሚፈለግ እየታደነ ከመጥፋት አፋፍ ደርሷል።

እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው፤ ከጎን መሆን፥ ከበላዩ አለመዋኘት፥ አለመንካት፥ መታገሥ። ውኃ ቀዩን ብርሃን አስቀድሞ ስለሚውጥ፥ ከሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ሰማያዊ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መቀራረብ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ የሚቀርበው ኤሊው ይሁን። ጠላቂው ጸጥ ብሎ ከጠበቀ፥ ኤሊው እየጋጠ ወደ እርሱ ሊመጣ ይችላል።

የሚያጠናውን ፍጥረት የሚያባርር ተማሪ፥ የሚማረው ሽሽቱን ብቻ ነው።