ከካርቱኑ በፊት እኛ እንንገራቸው

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ወላጆች የሚያነሱትን፣ ነገር ግን ሲያነሱት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበትን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ በልጆች ፊልሞችና የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ውስጥ ስለሚታዩ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ነው። አንዳንዱ ወላጅ ይህን ሲሰማ «ዲሹን አውርጄ እጥለዋለሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ካርቱን አይደል እንዴ፣ ምን ያመጣል?» ብሎ ልጁን ከስክሪን ፊት አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኛ ግን ከሁለቱም በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን። ልጃችን አንድ ቀን ያየውን ይዞ ሲጠይቀን ምን እንመልስለታለን?

በቅድሚያ ነገሩን በልኩ እንወቀው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2005 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረ «ፖስትካርድስ ፍሮም ባስተር» የተባለ የልጆች ፕሮግራም ነበር። ባስተር የተባለው ጥንቸል ወደ ቬርሞንት ግዛት ሄዶ ሁለት እናቶች ያሏቸውን ልጆች የሚጎበኝበት አንድ ክፍል ተዘጋጀ። የወቅቱ የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ተቃውሞ አሰሙ። ፒ.ቢ.ኤስ የተባለው ተቋም ክፍሉን ለጣቢያዎቹ ላለማሰራጨት ወሰነ። አዘጋጁ የቦስተን ጣቢያ ግን በራሱ አቀረበው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ «አርተር» በተባለው የታወቀ ካርቱን ውስጥ የልጆቹ አስተማሪ ወንድ ሲያገባ ታየ። በዚህ ጊዜ ፒ.ቢ.ኤስ ክፍሉን ሲያሰራጭ የአላባማ ግዛት የሕዝብ ቴሌቪዥን አላሳይም አለ። በመካከሉ፣ በ2015፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በመላ አገሪቱ እንዲፈቀድ ወስኖ ነበር። የካርቱኑ ለውጥ ከአገሩ ሕግና ኑሮ ለውጥ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ትልልቆቹ ፊልሞች ገባ። በ2020 በወጣው «ኦንዋርድ» በተባለው ፊልም ውስጥ አንዲት ባለ አንድ ዓይን ፖሊስ ስለ ሴት ፍቅረኛዋ ልጅ ጥቂት ቃላት ትናገራለች። ንግግሯ ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም። ሆኖም ፊልሙ በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በኩዌት፣ በኳታርና በኦማን ሳይታይ ቀረ። በ2022 ደግሞ «ላይትይር» በተባለው ፊልም ውስጥ ሁለት ሴቶች አጭር መሳም ስለሚሳሳሙ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስን ጨምሮ ከ10 በሚበልጡ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ሳይገባ ቀርቷል። ሲንጋፖር ግን 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ ብላ ፈቀደችው። ለጎረቤታችን ኬንያም ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ2017 የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ «ዘ ላውድ ሀውስ»ን እና «ስቲቨን ዩኒቨርስ»ን ጨምሮ 6 ካርቱኖች እንዳይታዩ ከልክሏል።

የፊልሞቹ ሠሪዎች ምክንያት አላቸው። «በአገራችን በሁለት እናቶች ወይም በሁለት አባቶች ቤት የሚያድጉ ልጆች አሉ፤ እነዚህም ልጆች ቤተሰባቸውን በስክሪን ላይ ሊያዩት ይገባል» ይላሉ። እኛ በዚህ አመለካከት አንስማማም። በኢስላም ትዳር በወንድና በሴት መካከል የሚፈጸም ቃል ኪዳን ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ግንኙነት ሐራም መሆኑን ሙስሊም ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ሰዎቹ የሚሉትን አውቀን መመለስ አለብን፤ ያላሉትን እያስባልናቸው መሆን የለበትም።

ውድ አድማጮቻችን! በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ወሬ ይነዛል። አንድ ሰው በስልኩ «ይህ ካርቱን እንዲህ ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ሳያየው ለ50 ሰው ያስተላልፋል። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ይህ ትእዛዝ ስለ ካርቱን ለሚወራውም ይሠራል። በ1999 በአሜሪካ አንድ የክርስቲያን ሰባኪ የሚያሳትሙት ጋዜጣ «ቴሌታቢስ» ከተባለው የሕፃናት ፕሮግራም ገጸ ባሕርያት አንዱን ቀለሙ ሐምራዊ ስለሆነ፣ ራሱ ላይ ሦስት ማዕዘን ስላለውና ቦርሳ ስለያዘ ብቻ የግብረ ሰዶም ምልክት ነው ብሎ ጻፈ። የተከተለው የዓለም መሳቂያ መሆን ነበር። በ«ሰሳሚ ስትሪት» የሚታወቁት ሁለቱ አሻንጉሊቶች በርትና ኧርኒም ለብዙ ዓመታት ተመሳሳይ ነገር ተወርቶባቸዋል። በ2018 አዘጋጁ ድርጅት ሁለቱ የልብ ጓደኛሞች እንደሆኑ፣ የተፈጠሩትም ልጆች ከማይመስላቸው ሰው ጋር መወዳጀት እንደሚችሉ ለማስተማር እንደሆነ ገልጿል።

ይህን ያነሳነው ለቀልድ አይደለም። በአገራችን ወንድ ከወንድ ጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። ከመስጊድ ሲወጡ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው የሚያወጉ ጎረምሶች ብዙ ናቸው። ሴቶች ልጆቻችን በአንድ ፍራሽ ላይ ተጨዋውተው ያድራሉ። ይህ የወንድማማችነትና የእህትማማችነት ፍቅር ነው፤ ለአላህ ብሎ መዋደድም በዲናችን ትልቅ ደረጃ አለው። በየካርቱኑ ውስጥ የሌለን ነገር ስንፈልግ ከዋልን ያው የጥርጣሬ ዓይን ተመልሶ በገዛ ልጆቻችን ጓደኝነት ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ማንም ሳይወስድብን የራሳችንን መልካም ነገር በራሳችን እጅ እናጣለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። መንግሥታት ሊከለክሉ ይችላሉ፤ መከልከላቸውም የራሱ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ክልከላው የሚያቆመው ሲኒማ ቤት በር ላይ ነው። ፊልሙ በፍላሽ ተጭኖ፣ በስልክ ተልኮ፣ በአጎት ልጅ ታብሌት ላይ ሆኖ ቤታችን ይገባል። እኛ ዲሹን ብናወርድ ጎረቤት ቤት ዲሽ አለ። በመሆኑም ልጁ ያየው ዕለት አጠገቡ ማን አለ የሚለው ጥያቄ ከክልከላው በኋላም ይቀራል።

እዚህ ላይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ወጣት ወደ እርሳቸው መጥቶ ዝሙት እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። በቦታው የነበሩት ሰዎች ተቆጡት፤ ዝም ሊያሰኙትም ሞከሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ወደ እርሳቸው አስጠጉት። ለእናቱ፣ ለሴት ልጁ፣ ለእህቱ ይህን ይወድ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁት። ለሁሉም «አልወድም» አለ። ከዚያም እጃቸውን አሳርፈውበት ዱዓ አደረጉለት። ልብ እንበል! ወጣቱ የጠየቀው ግልጽ ሐራም ነበር። እንዲያም ሆኖ አልተባረረም። ታዲያ ካርቱን ላይ ያየውን ብቻ የጠየቀ የ6 ዓመት ልጅ ለምን በጥፊ ይመለሳል?

እናስብ። አንዲት ትንሽ ልጅ «እማ፣ ይህች ልጅ ለምን ሁለት እናት አላት?» ብላ ትጠይቃለች። እናት ቴሌቪዥኑን ጠርቅማ «አስተግፊሩላህ! ከየት አመጣሽው? ሁለተኛ እንዳልሰማ!» ካለቻት ልጅቷ የምትማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንደማይቻል። ጥያቄው ግን ልቧ ውስጥ ይቀራል። በ10 ዓመቷ ጓደኛዋን፣ በ13 ዓመቷ ስልኳን ትጠይቃለች።

እናት ተረጋግታ እንዲህ ብትላትስ? «በአንዳንድ አገር እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ ልጄ። እኛን አላህ ያዘዘን ግን ትዳር በወንድና በሴት መካከል እንዲሆን ነው። የእኛ መንገድ ይህ ነው። ልጅቷ ግን ምንም አላጠፋችም፤ ከእሷ ጋር ብትማሪ በመልካም ትጫወቻለሽ።» ይኸው ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ዝርዝር አያስፈልግም። ዕድሜዋ ከፍ ሲል የነቢዩ ሉጥን (ዐ.ሰ) ታሪክ፣ የሐያእን ትርጉም፣ ሰው በልቡ በሚሰማውና በእጁ በሚሠራው መካከል ያለውን ልዩነት በየደረጃው ትማራለች።

የሉቅማንን ምክር እናስታውስ። ልጁን ሲመክር የጀመረው በተውሒድ ነው። ከዚያ ወደ ሶላት፣ ወደ ትዕግሥት፣ ቀጥሎም ሰውን በኩራት ካለመናቅና ድምፅን ዝቅ ከማድረግ ደረሰ። አላህን ያላወቀ ልጅ «ይህ ሐራም ነው» ቢባል ቃሉ መቆሚያ የለውም። ሐራሙን ተምሮ አደቡን ያልተማረ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት ሄዶ ደካማውን ልጅ በስድብ ስም እየጠራ ያስለቅሳል። በአካሄዱ ወይም በድምፁ ለየት ያለ ልጅ በክፍል ውስጥ ሲሳለቁበት አንደኛው ተሳላቂ የእኛ ልጅ ከሆነ ተርቢያችን ጎድሏል ማለት ነው። መሳለቅ በዚያው በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ ነው።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም፤ ልናደባልቃቸውም አንፈልግም። ነገር ግን በር የሚዘጋባቸው በአንድ ቁልፍ ነው። ስለ ሰውነት፣ ስለ ሐፍረተ ገላ፣ ስለ ትዳር አንዳች መናገር ነውር የሆነበት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ቢነካውና ቢጎዳው ለማን ይናገራል? «እማ ትቆጣኛለች» ብሎ ዝም ይላል። በካርቱን ጥያቄ ጊዜ በእርጋታ የተመለሰለት ልጅ ግን በዚያም ቀን ወደ እናቱና ወደ አባቱ ይሮጣል። የምንጠብቀው አማና ይህን ያህል ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶቹ በ2022 እንዲህ ዓይነት ገጸ ባሕርያት ያሉባቸውን የልጆች መጻሕፍት አስገቡ። በ2023 ደግሞ ልጆች ከዚያ ትምህርት እንዲወጡ የሚፈቅደውን አሠራር አነሱ። በዚያ ዓመት ሙስሊም ወላጆችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ እምነት ተከታዮች በአንድነት አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ወላጆች የመሠረቱት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ተወሰነላቸው። ክርክሩ ገና ሳይቋጭም ቢሆን ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ ሆነ። ዲዝኒ ራሱ በ2024 መጨረሻ «ዊን ኦር ሉዝ» ከተባለው ተከታታይ ፊልም ጾታን የመቀየር ጉዳይ የያዘውን ታሪክ አውጥቶታል። የሰጠው ምክንያት ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከልጆቻቸው ጋር በራሳቸው መንገድና ጊዜ መነጋገር እንደሚመርጡ በመገንዘብ ነው የሚል ነበር።

እንግዲህ ፍርድ ቤቱም ኩባንያውም «ይህ የወላጅ ድርሻ ነው» አሉ። ጥያቄው ወላጁ ድርሻውን ይወጣል ወይ ነው። ልጁን ከክፍል አስወጥቶ ቤት ውስጥ ምንም ያልነገረው ወላጅ ቦታውን ባዶ ትቶታል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሚከተሉትን እንድናደርግ ራሳችንንም እናንተንም እንመክራለን።

አንደኛ፣ ልጆቻችን የሚያዩትን አብረን እንይ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አባት ከልጆቹ ጋር ካርቱን ቢያይ የ20 ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያውን እንወቀው። ኔትፍሊክስን በመሰሉ አገልግሎቶች ለልጆች የተለየ መግቢያ መክፈት፣ ዕድሜ መወሰን፣ አንድን ፊልም በስሙ ለይቶ መዝጋት ይቻላል። ተከታዩን ክፍል በራሱ የሚያጫውተውንም ማጥፋት ይቻላል። ካላወቅን የሠፈር ልጅ ያሳየናል።

ሦስተኛ፣ ባዶ አንተወው። የሚከለከል ልጅ የሚተካለት ይፈልጋል። ከማሌዥያ የወጣው «ዑመርና ሐና» አለ። ከአገራችንም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከ2006 ጀምሮ በአማርኛ ልጆችን አስተምራለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአያት ተረትና የመድረሳ ጓደኛ አለ።

አራተኛ፣ ባልና ሚስት መልሳችሁን አስቀድማችሁ ተስማሙበት። እናት የመለሰችውን አባት በቁጣ አያፍርሰው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዓለም የሚያሳየውን ሁሉ መዝጋት አንችልም። ልጃችን ሲደነግጥ፣ ሲገረም፣ ግራ ሲገባው መጀመሪያ ወደ እኛ እንዲመጣ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ፣ ከዒሻ በኋላ፣ «ዛሬ ምን አየህ?» ብለን እንጠይቀው። ከዚያ ዝም ብለን እናዳምጠው።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ እኛንም አማናውን የሚወጡ ወላጆች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።