መጽሐፉን ዝጉና ራሳችሁን ጠይቁ

(ወደ አገር ለመመለስ ለሚዘጋጁ እህቶች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት አንዴ ከምታገኙት ዕረፍት ላይ ይህችን ሰዓት ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

እኔ ዐረብ አገር አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ፣ አገሬ ገብቼ ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርሁ በአካውንቲንግ የተመረቅሁ እህታችሁ ነኝ። ብዙዎቻችሁ «ኮሌጅ መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን ደብተር ከያዝኩ ዘመን የለኝም፤ አሁን ትምህርት ይገባኛል?» ትሉኛላችሁ። ይገባችኋል። አብረውኝ ጀምረው ያቋረጡት ሰነፎች አልነበሩም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያነቡ ነበሩበት። የጎደላቸው የአጠናን ዘዴ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ገንዘባችሁ ልንገራችሁ። በላባችሁ ያገኛችሁትን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አጣሩ። ዕውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ በየካምፓሱና በየትምህርት መስኩ ነው። «ዕውቅና አለን» ሲሏችሁ «በዚህ ካምፓስ? በዚህ ትምህርት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማስረጃውንም በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ወደ አጠናኑ ልምጣ። ብዙ ተማሪ ማጥናት ማለት ደብተሩን ደጋግሞ ማንበብ ይመስለዋል። ሲደጋግመው ያወቀው ይመስለዋል፤ ፈተናው ላይ ግን ይጠፋበታል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን በተማሪዎች ላይ ፈትኖታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ጽሑፉን ትተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት በለጡ።

እናንተ ይህን ዘዴ ታውቁታላችሁ። ዐረብኛን እንዴት ቻላችሁት? መጽሐፍ የሰጣችሁ የለም። ማዳም አንድ ቃል ትናገራለች፤ በማግስቱ ያንኑ ስትጠይቃችሁ ከጭንቅላታችሁ ፈልጋችሁ ታወጣላችሁ። ስትሳሳቱ ታርማችሁ፣ እንደገና ሞክራችሁ ቻላችሁት። ኮሌጅም እንዲሁ ነው።

እኔ እንዲህ አደርግ ነበር። ከክፍል እንደተመለስኩ ደብተሬን ዘግቼ በባዶ ወረቀት ላይ የማስታውሰውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ደብተሩን ከፍቼ የጎደለውን ብቻ አነባለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላም እደግመዋለሁ። ትንንሽ ካርዶች ቆርጬ በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው መልስ ጽፌ በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ ታክሲ ስጠብቅ ራሴን እጠይቃለሁ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ? ራስን መጠየቅም ያደርጋል።

ሌሎች ሦስት ልማዶችም ረድተውኛል። አንደኛ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በተወሰነ ሰዓት አጠናለሁ፤ እሁድ ቀኑን ሙሉ ከማጥናት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ፈተና ሲደርስ እንቅልፌን አልቆርጥም፤ የተማርነው በአእምሮ እንዲጸና እንቅልፍ ያግዛል። ሦስተኛ፣ ካልገባኝ በዚያው ሳምንት መምህሩን እጠይቃለሁ። በተለይ ሂሳብና አካውንቲንግ የዛሬው በትናንቱ ላይ ስለሚቆም፣ አንዴ ካመለጠ ማካካስ ይከብዳል።

ለአንድ ሌሊት ፈተና መሸምደድ እስከ መጨረሻው አያደርስም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ነው። ፈተናው የሚጠይቀው በየዓመቱ የተማራችሁትን ነው።

ስትመለሱ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ብር ይጠብቃል። «እምቢ» ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ለቤተሰብ በግልጽ ንገሩ፤ የትምህርቱን ገንዘብ በሌላ የባንክ ደብተር ለይታችሁ አስቀምጡ። የማጥኛ ሰዓታችሁንም ንገሯቸው። ሴት ልጅ ቤት ስትገባ ሥራው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣልና።

እህቶቼ፣ ኮሌጅ እስክትገቡ አትጠብቁ። ከዛሬ ማታ ጀምሩ። አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ወይም አንድ የሂሳብ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። ነገ ልብስ ስትተኩሱ ወረቀቱን ሳታዩ ራሳችሁን ጠይቁ። የረሳችሁትን ብቻ ማታ እዩት። በመጪው እሁድ ስንገናኝ፣ እኔም አንድ በአንድ እጠይቃችኋለሁ።